ከውስጥ የተቀደደ ወንፊት

ሰፈሩ «ወንፊት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የጎን ጎረቤቷ ጎሚስታው ነው። ሊያበሽቃት ብሎ ነበር የጀመረው፤ ደንበኛው ሁሉ እየመጣ «እትዬ ወንፊት አሉ?» ማለት ሲጀምር ግን እሷም ሰውን ማረም ሰለቻትና «አለሁ፣ ምን ፈለግክ?» ማለት ለመደች። ከዚህ የለዘበ ሰላምታ ከአፏ የሰማ ሰው የለም።

ሥራዋ የመስኮት ወንፊት መጠገን ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሐይቁ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በጎማ ቤቱና በመኪና እጥበቱ መካከል፣ አንድ ጎኗ ተቆርጦ በር የወጣላት አሮጌ ኮንቴይነር አለቻት። በዚያ መንገድ ቤት መኪኖች ይመላለሳሉ፤ ውስጣቸው አልጋ፣ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ የተገጠመላቸው ሚኒባሶች ናቸው። ሐይቁ ደግሞ ትንኝ አለው። ወንፊቱ የተቀደደ መኪና ይዞ እዚያ ያደረ ሰው በማግስቱ ፊቱ እንደ ሊጥ አብጦ እሷ ደጅ ይገኛል።

ክፈፉን ከመስኮቱ ታወጣለች። ዙሪያውን ቦዩ ውስጥ የተቀበረችውን ቀጭን የጎማ ገመድ በቢላ ጫፍ መዛ ትስባለች፣ አሮጌውን መረብ ትጥላለች፣ አዲሱን ወጥራ ጎማዋን መልሳ ትቀብራለች። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በቆልማማ መርፌና በዓሣ ማጥመጃ ክር ትሰፋዋለች። እጇ የተፍታታው ድንኳን ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የድንኳን መስኮት ሰፍታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ይዛ የወጣችው አንድ መቀስ፣ ሦስት መርፌ፣ የማይለቅ የወገብ ሕመምና የማይበርድ ንዴት ነው።

አንድ ነገር ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቀዳዳ አይታ ምን እንደቀደደው ትናገራለች። የድመት ጥፍር ክሩን ይስበዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሲጋራ ዳር ዳሩን አቅልጦ ያደርቀዋል። ሌባ በምላጭ ሲቀድ የክሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ይተኛል። ይህንንም በሆዷ አትይዘውም። አንድ ጊዜ ባልየው «ጠጠር መቶት ነው» ብሎ ያመጣውን ወንፊት ሚስቱ ፊት ወደ ብርሃን አንስታ «ይሄማ የሲጋራ ነው» አለች። ለካስ ሰውየው ማጨስ ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል ብሎ ምሎ ኖሯል። ባልና ሚስት እየተነታረኩ ሲሄዱ ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንፊት እየጠገንሽ ትዳር ትቀጃለሽ።»

«እኔ ምን አደረግሁ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለችው፤ ጉዳዩም በዚያው አለቀ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ በያጅ መጣ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ክንዱ በብየዳ ብልጭታ የተጠባበሰ፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነበር። መኪናው ነጭ ነው፤ ነጭነቱ ግን እዚህም እዚያም በተለጣጠፈ ቆርቆሮ ተበልቷል። የተቀደደው የተንሸራታቹ በር መስኮት ወንፊት ነው።

«ቅርንጫፍ ነው የቀደደው። ቶሎ ይሥሩልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አላት።

ወንፊቱን አየችው። የክሩ ጫፍ ሁሉ ወደ ውጭ ነው የተገፋው። መጀመሪያ በስለት ተሰንጥቋል፣ ከዚያ በእጅ ተቦጭቋል። ቀዳዳው ደግሞ ከበሩ እጀታ ትይዩ፣ ክንድ ሊያስወጣ በሚችል ልክ ነው።

«ቅርንጫፍ መኪና ውስጥ ይበቅላል እንዴ?»

«እርስዎ ይጠግኑ። ምርመራው ይቅርብኝ።»

ጠገነች። ክፈፉን መልሳ ልትገጥም ስትጠጋ ሁለት ነገር አየች። አንደኛው ከበሩ ውጭ በኩል የተበየደ የጓጉንቸር ቁልፍ ማንጠልጠያ ነው፤ አዲስ፣ ንጹሕ ብየዳ። ሁለተኛው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብሎ የጠፋ ዓይን ነው። ሰውየው ወዲያው በእሷና በመስኮቱ መካከል ገብቶ ቆመ።

«ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ።»

መኪናው ሲሄድ ነገሩ ከነከናት። ሰው ቤቱን ሌባ እንዳይገባበት ይቆልፋል። ይሄ ግን ቀደዳው ከውስጥ፣ ቁልፉ ከውጭ። የማን ሚስት፣ የማን ልጅ ትሆን እዚያ ውስጥ ያለችው እያለች ስታሰላስል ዋለች፤ ለጎሚስታው ግን ትንፍሽ አላለችም።

በዘጠነኛው ቀን ሰውየው ተመለሰ። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ የበሩን ድምፅ የሰማ ሁሉ ቀና አለ። ሦስት ክፈፍ፣ አንዱ እሷ የጠገነችው፣ በእጁ ይዞ እየተንደረደረ መጣና ኮንቴይነሯ ፊት መሬት ላይ ወረወራቸው።

«ይሄ ሥራ ነው? አንቺ ብሎ ባለሙያ! ዘጠኝ ቀን አልቆየም። ትንኝ ሰው ሊበላ ነው!»

«እርስዎ» ይላት የነበረው መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሁለት ሾፌሮችና መኪና አጣቢዎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ሰው ፊት ሥራዋን ሲሰድባት ደሟ ፈላ። ክፈፎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ፀሐይ ያዘቻቸው። ጊዜ ወስዳ ነው ያየቻቸው፤ ከዚያ ድምፅዋን ሳትቆጥብ ተናገረች።

«ይሄ መቀስ ነው። ይሄም መቀስ ነው። ይሄ ደግሞ በጥፍር ነው። ሁሉም ከውስጥ ነው። ቁልፍህ ደግሞ ከውጭ ነው ያለው። እስቲ ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው፤ ማን ላይ ነው የቆለፍከው?»

ጎሚስታው መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ምን አገባሽ?»

«በሩን ክፈት።»

«አልከፍትም።»

«እንግዲያው እኛ እንከፍተዋለን» አለ ጎሚስታው፣ የጎማ መፍቻ ብረቱን አንስቶ። በያጁ ከመኪናው ሥር የወደቀ ፌሮ አንስቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። አንደኛው ሾፌር «ኧረ ጎበዝ፣ ተዉ» ቢልም የሚሰማው አጣ። ነገሩ ደም ሊያፋስስ አንድ ቃል ሲቀረው፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሻከረ ድምፅ ወጣ።

«አንተ! ማነው ደጃችን ላይ የሚንጫጫው? ሰው እንዳይተኛ ነው?»

በያጁ ፌሮውን ጣለ። ትከሻው ወረደ። ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን አወጣና ከፈተ።

የወጣችው አንዲት አሮጊት ናት። ሚጢጢ፣ ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯ በደንብ የተበጠረ። ፊቷና አንገቷ ግን በትንኝ ንክሻ እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኗል። የቆመውን ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችና ዓይኗ እትዬ ወንፊት ላይ አረፈ። ሦስት እርምጃ ተራምዳ በጥፊ አጮለቻት።

«ልጄ ላይ ነው የምትጮኺው? ማን አባትሽ ሆነሽ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ጎሚስታው የጎማ ብረቱን ከጀርባው ደበቀ፤ ሾፌሮቹ ድንገት የየራሳቸው ጎማ አሳሰባቸው። ወንፊት ጉንጯን ይዛ ቆማ ቀረች።

«አሁን አየሽ?» አላት በያጁ። አልለመናትም፤ ጥርሱን ነክሶ ነው የተናገረው። «እናቴ ናት። ትረሳለች። እሳት ለኩሳ ረስታ የተከራየነው ቤት ማድ ቤቱ ተቃጠለ፤ አስወጡን። ከዚያ ወዲህ የሚያከራየን አላገኘሁም። ይሄን መኪና ከወዳደቀ ብረት መሃል አውጥቼ ራሴ ነኝ የሠራሁት። በክረምቱ ሳልቆልፍ ሄጄ፣ አስፋልት መሃል ከሁለት ከባድ መኪና መካከል ነው ሰው ጎትቶ ያወጣልኝ። ሌላ መላ ካለሽ ንገሪኝ። ከሌለሽ ወንፊትሽን ስፊ።»

«እዚያ ውስጥ ብትቃጠልስ?»

«ምድጃውን ነቅዬዋለሁ።»

«ሙቀቱስ? ቆርቆሮ ነው እኮ።»

«ለሙቀቱ ብዬ እኮ ነው መስኮቶቹን ከፍቼ የምሄደው። መስኮት ስከፍት ትንኝ፣ ወንፊት ስገጥም መቀስ። መቀሱን ስደብቅ ቢላ፣ ቢላውን ስደብቅ ጥፍር። በየት በኩል ልሁንላት?»

መልስ ስታጣ የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

«እኔ እስር ቤት አልጠግንም። ክፈፍህን ይዘህ ሂድ።»

ይዞ ሄደ። አሮጊቷ በመስኮቱ ቀዳዳ እጇን አውጥታ ስትዝትባት መኪናው ከጠመዝማዛው ጀርባ ጠፋ።

ጎሚስታው «ደግ አደረግሽ» አላት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ገባች። በዚያ ሳምንት አንድ ክፈፍ አጣማ ገጠመች፣ ሁለት መርፌ ሰበረች፣ ከእጥበቱ ሰዎች ጋር በውኃ ተጣላች። የሚያንገበግባት ጥፊው አልነበረም።

ፋብሪካ በገባች በአሥራ ሁለተኛው ዓመት እናቷ ታመመችባት። ልክ እንደዚህች አሮጊት ባትሆንም ቀንና ሌሊት መለየት አቅቷት ነበር። እሷ ከማለዳ እስከ ማታ ማሽን ላይ ናት፤ እህቷ ሩቅ አገር ናት። ውኃና ምግብ ካልጋው አጠገብ ታስቀምጥና በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። አንድ ምሽት ስትመለስ እናቷን ከበሩ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጥፍሮቿ ተሰብረዋል። በሩ ከውስጥ በኩል ከእጀታው በታች ተቦጫጭሯል፤ አንዳንዱ ጭረት ትኩስ ነው፣ አንዳንዱ ግን ቆይቷል። ስንት ቀን እንደዚያ እንዳደረገች ከጭረቱ ቆጠረች። እናቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ አንድም ቀን ስለዚያ በር አልተናገረችም። እሷም በሩን ቀለም ቀባችው። ለእህቷም፣ በኋላ አግብታው ለሞተው ባሏም፣ ለማንም ሳትናገር ኖረች።

ስለዚህ በያጁን የጠላችው ስለቆለፈ ብቻ አልነበረም። ቆልፌያለሁ ብሎ በአደባባይ ስለተናገረ ነው። እሷ አፏን ዘግታ ዕድሜ ልኳን የተሸከመችውን እሱ በሁለት ደቂቃ አራግፎት ሄደ። ይህ ነው ያረረባት።

በአምስተኛው ቀን ኮንቴይነሯን ዘግታ፣ ሰው ጠይቃ በያጁ ወደሚሠራበት ሄደች። ከከተማው ጫፍ ትልቅ መጋዘን እየተሠራ ነው። መኪናው ከአጥሩ ሥር ቆሟል፤ ጠዋት የነበረው ጥላ ሸሽቶት ፀሐይ ላይ ቀርቷል። ከተቀደደው ወንፊት አራት ጣቶች ወጥተው የበሩን ቆርቆሮ ይዳብሳሉ።

«እማማ፣ ደህና ዋሉ?»

«ቁልፉን አምጪ።»

«እኔ ጋ የለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሂጂ ከፊቴ።»

ሰውየውን ከብረት መወጣጫ ላይ አገኘችው። ስትጠራው መከላከያ ጭንብሉን ገልጦ አያት፤ መልሶም ለበሰው። ብልጭታው እስኪያልቅ ከታች ቆማ ጠበቀችው። ሲወርድ ሰላምታ የሰጠ የለም።

«ከነገ ጀምሮ መኪናውን እኔ ደጅ አቁመው። በሩ ክፍት ሆኖ እዚያ ትዋል።»

«ለምን?»

«ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለምን ነው ያልኩሽ?»

«ሥራዬን በመቀስ ስታስቆርጥ ዝም ብዬ አላይም።»

ሰውየው አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ምጽዋት አልፈልግም።»

«ማን ሰጠህ? የምወጥርበት ጠረጴዛ እግሩ ይወላገዳል። የብረት ትሠራልኛለህ። ቀጥ ያለ፣ የማይነቃነቅ።»

«ብትጠፋብሽስ?»

«ከጠፋች ፖሊስ ጋ ትወስደኛለህ።»

«እወስድሻለሁ» አለ፤ የማለ ያህል ነበር።

በማግስቱ መኪናው ኮንቴይነሯ ጎን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው መጣ፤ ውኃ ልክ ብታስቀምጥበት የማያዛንፍ ሥራ ነበር። እሷም «ጥሩ ነው» ሳትል ክፈፎቹን ወስዳ አዲስ ዘዴ አበጀችላቸው። ወንፊቱን በጎማ ገመድ አልቀበረችውም፤ ዳር ዳሩን በልጆች ጫማ ላይ እንዳለው እየተላቀቀ የሚጣበቅ ጨርቅ ሰፋችለት። ከውስጥ የሳበው ሰው ሳይቀድ ይከፍተዋል፣ ሲጫነው ይዘጋል። አሮጊቷ በመጀመሪያው ጠዋት አምስቱንም መስኮት ከዳር እስከ ዳር አላቃ ወንፊቶቹን ጭቃ ላይ ጣለቻቸው።

«እማማ፣ በሩ እኮ ክፍት ነው። በበሩ ይውጡ።»

«አንቺ ስላልሽኝ ነው የምወጣው?»

በበሩ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሰላም አጣ። አሮጊቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ ትቆጣጠራለች። አንዱን «ሆድህን ለማን አደራ ብለህ ነው ፊት ፊት የምታስኬደው?» ትለዋለች፤ አንዷን «ይሄ ቀሚስ የእህትሽ ነው፣ ሳትነግሪያት ነው የለበስሽው» ትላታለች፤ ሴትየዋም ደንግጣ እግሯን ታፈጥናለች። ጎሚስታውን እንደ ሌባ ነው የምታየው፤ ጎማ በፈታ ቁጥር «አሁንም ፈታ፣ አሁንም ፈታ» እያለች ለአላፊ አግዳሚው ትጠቁማለች። እሱ ደግሞ «ሥራ አስኪያጇ» የሚል ስም ለጠፈባት። የወንፊት ደንበኞች ግን ቀነሱ። ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ፤ ስለ ወንበሩ አቀማመጥ፣ ስለ ሻይው ስኳር፣ ስለ ክሩ ውፍረት። አሮጊቷ ስፌት ታውቅ ስለነበር የምትሰነዝረው ነቀፋ አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት፣ ወንፊት አንድ ክፈፍ ልትለካ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል የአሮጊቷ ወንበር ባዶ ነው። መኪናው ውስጥ የለችም፤ እጥበቱ ጋ የለችም። ወገቧን ይዛ በአውራ ጎዳናው ሮጠች። አሮጊቷን ነዳጅ ማደያው ጋ አየቻት፤ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ባዶ እግሯን ወደ አስፋልቱ ልትወርድ ነው። አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ ይመጣል። ደርሳ ክንዷን ያዘች። አሮጊቷ ነክሳ ልታመልጥ ስትል አጥብቃ ያዘቻት፣ ጎተተቻት፣ «ልትገድዪኝ ነው? እኔን ነው የምትገድዪው!» እያለች እስከ ኮንቴይነሩ ድረስ እየጎተተች መለሰቻት። «እርስዎ» ማለቱን ያን ቀን ረሳችው። ሁለቱም ሲያለከልኩ ጎሚስታው ውኃ ይዞ መጣ፤ ማናቸውም አልተቀበሉትም።

በያጁ ሲመለስ እናቱ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። ክንዷ ላይ የጠቆረውን ምልክት አየ። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ደግሞ አየው። ከዚያ ወደ ወንፊት መጣ።

«ይሄ የእጅ ነው። አራት ጣት በዚህ በኩል፣ አውራ ጣቱ በዚያ በኩል። ከኋላ ነው የተያዘችው። ምልክት ማንበብ የምትችዪው አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

ልትክድ ትችል ነበር። ወድቃ ነው ብትል አሮጊቷ አታስታውስም።

«የእኔ እጅ ነው» አለች። «አስፋልት ልትገባ ስትል ያዝኳት። እዚያ ላይ መያዜ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መልቀቅ ስችል አልለቀቅኩም። ተናድጄ ነው።»

ሰውየው መቀስ የያዘ እጇን አተኩሮ አየው። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበዳትና ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ። ስለ በሩ ነገረችው። ስለ ጥፍሮቹ፣ ስለ ቆየው ጭረትና ስለ ትኩሱ ጭረት፣ ስለ ቀለሙ። ቆማ ነው የተናገረችው፣ መቀሱን በእጇ እንደያዘች፤ የሰው ታሪክ እንደምታወራ ሁሉ ድምፅዋ አልተሰበረም።

«ታዲያ ይሄን በሆድሽ ይዘሽ ነው እኔን በሰው ፊት ያዋረድሽኝ?»

«ይሄን በሆዴ ይዤ ስለነበረ ነው።»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሻል» አላት። እናቱን አስገባ፣ ወንበሩን አስገባ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች እሷ ታውቃለች። ጠዋት ኮንቴይነሯን ስትከፍት መኪናው እንደወትሮው ቦታው ላይ ቆሟል። በያጁ የሥራ ልብሱን እየለበሰ ነው።

«ሌላ የማቆምበት የለኝም» አላት፣ ሳያያት። «አንድ ጊዜ ደግመሽ እጅሽን ብታነሺባት ግን፣ ያን ጠረጴዛ ራስሽ ላይ ነው የምሰብረው።»

«እሺ» አለች። በሕይወቷ ለማንም እንዲህ ያለ «እሺ» ብላ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ ቢባል ውሸት ነው። በያጁ ማታ ማታ የእናቱን ክንድ፣ አንገትና ቁርጭምጭሚት እያገላበጠ ይመረምራል፤ ወንፊትም ቆማ ታስመረምራለች። እሷ ከአሮጊቷ ወንበር አጠገብ የሸራ ቁራጭ፣ ደንዛዛ መርፌና ወፍራም ክር ታስቀምጥ ጀመር። አሮጊቷ በንቀት እያየች ትሰፋለች፣ ትፈታዋለች፣ ደግማ ትሰፋለች። እጇ ሥራ ሲይዝ እግሯ ይረጋል። ወንፊት ጀርባዋን ሰጥታ የምትሠራው ግን ቀረ፤ ጠረጴዛውን አዙራ ፊቷን ወደ ወንበሩ አደረገች፤ ብርሃኑ ለሥራ አይመችም፣ ቢሆንም አልመለሰችውም።

መጋዘኑ በስድስተኛው ወር አለቀ። በያጁ ሌላ ከተማ፣ አክስቱ በምትኖርበት፣ አንድ የብረት ሥራ ድርጅት ቋሚ ሥራ አገኘ። አክስቱ ጓሮዋ ያለውን ክፍል ልትሰጣቸው፣ ቀንም አብራት ልትውል ተስማምታለች። ይህን ሁሉ የነገረው ለጎሚስታው ነው። ለወንፊት የነገራት በሚሄዱበት ጠዋት ነበር፤ ያውም ጎማ እያስነፋ።

«ዛሬ እንሄዳለን።»

«ሰምቻለሁ።»

«ያልመለስኩልሽ ዕቃ አለ?»

«የለም። የወሰድክብኝም የለም።»

 እሱ ሞተሩን ሲያስነሳ አሮጊቷ የመስኮቱን ወንፊት አላቃ አንገቷን አወጣች። ወንፊትን ትኩር ብላ አየቻት።

«ይቺን ሴትዮ አላውቃትም» አለች ለልጇ። «ክፉ ሴት ትመስላለች።»

«ናት» አለ እሱ። ማርሹን አስገባ።

ጎሚስታው «ተገላገልሽ» ሲላት «አዎ» አለችው። ከዚያ ፊቷን አጥቁራ ገብታ ሦስት ቀን አላነጋገረችውም። ደንበኛው ተመለሰ፤ ግቢው ጸጥ አለ። አሮጊቷ ስታማርርበት የነበረውን ወፍራም ክር ጥላ ቀጭኑን መጠቀም ጀመረች፤ እውነትም ቀጭኑ ይሻል ነበር።

ወር ከምናምን እንዳለፈ፣ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ምን ፈለግክ?» አለች ድምፁን እንደለየች።

«እኔ ምንም አልፈለግኩም። እሷ ናት። ያቺ ነገረኛ ሴትዮ ዛሬ ለምን ቀረች ብላ አክስቴን ቁም ስቅሏን እያሳየቻት ነው። ስፌቱንም ወርውራዋለች።»

«መንገድ ላይ ናት አትላትም?»

«ብያታለሁ። ውሸታም አለችኝ።»

ወንፊት ክፈፉን አስቀመጠች። ደንበኛው ሰዓቱን አየ።

«እንግዲያው ስልኩን ለእሷ ስጣት።»

አሮጊቷ ሩብ ሰዓት ያህል ሰደበቻት። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ስኳሩ፣ ከእሷ ሰረቀችው ስለተባለ አንድ ትሪ ሰደበቻት። ወንፊትም ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ጎማዋን ቦይ ውስጥ እየቀበረች፣ ተራዋ ሲደርስ መለሰችላት፤ ስኳሩ ልክ እንደነበረ፣ ትሪውንም አይታው እንደማታውቅ፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ እንዲህ ማስቸገር ነውር እንደሆነ። ደንበኛው መጠበቅ ሰልችቶት ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እሷ ቀና ብላም አላየችው።